ከመኪናችን ሥር የገባው ብረት

መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከመሬት ብዙም የማትርቅ፣ ቀለሟ የእንቁላል አስኳል የሚመስል የጣልያን መኪና ነበረች። ባለቤቴ የገዛት ፋብሪካ ውስጥ አብሮት ይሠራ ከነበረ ፈረንጅ ነው። ፈረንጁ አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ አገሩ ለመግባት ቸኩሎ ስለነበር በዋጋ አልተከራከረም። ባለቤቴ ድሬዳዋ ተወልዶ፣ እዚያው ባቡር ጥገና ቤት ሙያ ለምዶ፣ በፋብሪካ ብረት መቅረጫ ቶርኖ ላይ ሊሠራ ባሕር ዳር የመጣ ሰው ነበር። ልጅ ሳለ የመኪና እሽቅድምድም አይቶ ኖሮ ልቡ እዚያው ቀርቷል። እኔ የግሽ ዓባይ ልጅ ነኝ፤ አስተማሪ ነበርሁ። ከእሱ ጋር እስክንጋባ ድረስ ከአውቶቡስ በቀር መኪና ላይ ወጥቼ አላውቅም።

ያችን መኪና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፈራኋት። ፍጥነቷን ብቻ አይደለም። ያን ጊዜ ከሰው ተለይቶ መታየት የሚወድ አልነበረም። የነጠላችን ጥለት ደመቅ ያለ እንደሆነ ወደ ውስጥ አጥፈን ነበር የምንለብስ። እንዲህ ባለ ዘመን ቢጫ መኪና በር ላይ ማቆም ኑና እዩኝ ማለት ነው። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር አንድ ቀን በራችን ላይ ቆም ብሎ፣

«ጓዲት፣ ይች መኪና ለሰፊው ሕዝብ ምን ትጠቅማለች?» አለኝ።

እየሳቀ ነው የጠየቀኝ። ያስፈራኝም ሳቁ ነው።

ቤንዚን በኩፖን ስለነበር ብዙ አንነዳትም። አንድ ቅዳሜ ግን ዘንዘልማ ሄደን ጤፍ ገዝተን ስንመለስ፣ ዓባይ ድልድይ ሳንደርስ ሣር የተጫነች አህያ ከቦይ ውስጥ ብቅ አለች። ባለቤቴ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘው። መኪናዋ እንደ ሰከረ ሰው በእኔ በኩል ተኛች። እጄን ባወጣ አስፓልቱን የምነካው መሰለኝ። በእሱ በኩል ያሉት ጎማዎች መሬት መልቀቃቸውን በወገቤ አወቅሁት። ከዚያ ዱብ ብላ ተመለሰችና ቆመች። አህያዋ መንገዷን ሄደች። እኔ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነበር፤ ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ ቀረሁ።

ቤት ገብተን፣ «ሽጣት» አልሁት።

«ማን ይገዛታል? በዚህ ጊዜ እንዲህ ዓይነት መኪና ገዝቶ መታየት የሚፈልግ አለ?»

«እንግዲያስ ጣላት።»

«ብጥላትም የት ጣልካት ብለው ይጠይቁኛል።»

እውነቱን ነበር። ከዚያ ችግሩ ከሥሯ እንደሆነ ያስረዳኝ ጀመር። የፊት እግሮቿን ግራና ቀኝ የሚያያይዝ የብረት ዘንግ አለ፤ መካኒኮች ስታብላይዘር ይሉታል። የእኛው ቀድሞ ተሰብሮ የተበየደ ነው፣ ሲሠራም ቀጭን ነው አለኝ።

«ዘንጉ ምን ያደርጋል?»

«ግራና ቀኝ ቆመው አንድ ዘንግ በትከሻቸው የተሸከሙ ሁለት ሰዎችን አስቢ። ዘንጉ ጠንካራ ከሆነ አንዱ ጎንበስ ሲል ሌላውንም ይዞት ይወርዳል፣ እኩል ይሆናሉ። ልምጭ ከሆነ ግን አንዱ ወድቆ ሌላው ቆሞ ይቀራል። መኪናዋ ላይ ያየሽው እሱን ነው። ወፍራም ዘንግ ካስገባሁላት ስትታጠፍ አትተኛም።»

ለዚህ የሚሆነው እንደ ሞላ ያለ፣ ተጠምዝዞ የሚመለስ ብረት ነው። ከፋብሪካው ማውጣት የማይታሰብ ነው፤ አንድ ብሎን በኪሱ ይዞ የተገኘ ሰው አሻጥረኛ ተብሎ የሚሄድበት አይታወቅም። ሲጠይቅ ሰንብቶ ሐይቁ ዳር ጀልባ የሚሠሩ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ዘንድ ይዞኝ ሄደ። ሽማግሌው ሚስማራቸውን ራሳቸው ቀጥቅጠው የሚያወጡ ነበሩና ወናፍ ነበራቸው። ጀልባቸውን የሚያስሩበት ካስማ ከውሃው ዳር ተተክሏል፤ ረጅም ድቡልቡል ብረት ነው። ባለቤቴ ካስማውን በመዶሻ መታ አድርጎ ድምፁን አዳመጠና፣

«አባባ፣ ይሄ ከየት የመጣ ነው?» አላቸው።

«ከካሚዮን ነው ልጄ። የማን ካሚዮን እንደሆነ እኔ አልጠየቅሁም፤ አንተም አትጠይቅ።»

ካስማውን ነቅለው ሰጡን። በከሰል አግመው እሳቸው ሲይዙ ባለቤቴ ጎበጥ አደረገው፤ ጫፍና ጫፉን ጠፍጥፈው በሱት፤ በመጨረሻም በተቃጠለ ዘይት ነከሩት። ልክ እንደ ትልቅ የበሬ ቀንድ ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር ተሸክሞ በከተማው መሐል ማለፍ አይቻልም። ሽማግሌው ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ለመጣ ባለ ታንኳ ሰጡልንና፣ እንጨቱ ሥር ተጋድሞ ሰፈራችን አጠገብ ደረሰ። ከዚያ ከእንጨቱ ጋር በአህያ ተጭኖ ቤታችን ገባ።

ያደረግነው ምንም ወንጀል አልነበረም። ነገር ግን ያን ጊዜ ማስረዳት የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ወንጀል ይመስል ነበር። እንጨቱ ግቢያችን ሲራገፍ ጎረቤት ሳል ባሰማ ቁጥር እደነግጥ ነበር።

እሑድ ጠዋት ባለቤቴ መኪናዋ ሥር ገብቶ አሮጌውን ዘንግ አወጣና አዲሱን አሰረ። ዘንጉን የሚይዘውን የጎማ ማቀፊያ፣ ጎሚኒውን፣ ከካሚዮን ጎማ ቆርጦ ሠራ። የቀረው መሞከር ነው። ለመሞከር ደግሞ መታጠፊያ ያስፈልጋል። ባሕር ዳር እንደ መዳፍ ሜዳ ናት፤ ጠምዘዝ ጠምዘዝ የሚል መንገድ ያለው ወደ ቤዛዊት ኮረብታ በሚያወጣው ላይ ብቻ ነው። እዚያ ጫፍ ላይ የንጉሡ ቤተ መንግሥት አለ፤ ወታደር ይጠብቀዋል።

«እስከ ግማሹ ሰው ይወጣል፤ ከብትም ይሰማራል» አለኝ። «ብቻዬን ደርሼ ልምጣ።»

«እኔም እመጣለሁ።»

«የዚያ ቀን ፈርተሽ አልነበር?»

«እንዴት እንደሆነች ልያት ብዬ ነው» አልሁት። በልቤ የነበረው ሌላ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ አልተመለሰም፤ እናቱ በየጽሕፈት ቤቱ ስትጠይቅ አንድም አየሁት የሚላት ሰው አላገኘችም። የእኔ ባል ቢያዝ የት እንደተያዘ የሚያውቅ ሰው ይኑር ብዬ ነው መኪናዋ ውስጥ የገባሁ።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ዓይኔን ጨፈንሁ። መኪናዋ ግን አልተኛችም። ሳታጋድል ዞረች። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ባለቤቴ ሳቀ፤ እኔም ባልጠበቅሁት ነገር ትንሽ ፈገግ አልሁ። ከብቶቹ ከሚሰማሩበት ላይ አዙረን ወረድን። ታች ስንደርስ፣ «አንዴ ብቻ ልድገመው» አለ። እንቢ ልለው አፌን ስከፍት መኪናዋ ዞራለች።

ሁለተኛው ጊዜ ስንወርድ ፈጠን አለ። ስንወጣ ካለፍነው የወታደሮች መጠበቂያ ጎጆ በላይ ያለው መታጠፊያ ላይ መሪውን አዞረው፤ መኪናዋ ግን አልታዘዘችም። አልተኛችም፣ አልዞረችም፤ ቀጥ ብላ ወደ ጠርዙ ነጎደች። ፍሬን ያዘ። ጎማዎቹ ጠጠር ላይ ተንሸራተው ከጎጆው ፊት ከተደረደረው የአሸዋ ከረጢት አጠገብ ቆምን። አቧራው ሁሉን ሸፈነው። በአቧራው ውስጥ ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማሁ።

«ውረዱ» አለ አንድ ድምፅ።

እጃችንን ወደ ላይ አድርገን ወረድን። አንድ የመቶ አለቃ ከጎጆው ወጣ። ወጣት ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚናገር።

«ሁለት ጊዜ ወጣችሁ። ሁለት ጊዜ ወረዳችሁ። ምንድን ነው የምትቆጥሩት?»

«ምንም አንቆጥርም፣ ጓድ የመቶ አለቃ» አለ ባለቤቴ። «መኪናዋን እየሞከርኩ ነው።»

«እዚህ?»

ባለቤቴ ስለ ዘንጉ ለእኔ እንዳስረዳኝ አስረዳ። ባስረዳ ቁጥር ነገሩ እየባሰ ሲሄድ ይታወቀኛል። መኪና እንዳይተኛ ብሎ ብረት ሲቀጠቅጥ የሰነበተ ሰው ማን ያምነዋል? አንድ ወታደር መኪናዋ ሥር ገብቶ አየና፣ ብረቱ የጦር ካሚዮን ብረት ይመስላል አለ።

«ከየት አመጣኸው?»

«ገዛሁት።»

«ከማን?»

«ከማላውቀው ሰው» አለ።

ሲዋሽ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የመቶ አለቃውም ውሸት መሆኑን ያወቀ ይመስለኛል። ብረቱን እዚያው እንዲፈታው አዘዙት፤ መኪናዋ ሥር ተኝቶ ሲፈታ አንዱ ወታደር የጠመንጃውን አፈሙዝ እግሩ ላይ አሳርፎ ቆመ። ሲጨርስ ሁለት ሆነው ያዙት።

«አንቺ ሂጂ» አሉኝ።

ባለቤቴ ዞር ብሎ፣ «ቀስ ብለሽ ውረጂ፤ ጠጠሩ ያዳልጣል» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳለፍኋቸው እኔም አላውቅ። ክፍል ስገባ ልጆቹ ፊቴን እንዳያዩብኝ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞሬ ስጽፍ እውላለሁ። የቀበሌው ሊቀ መንበር መጥቶ ጓድ የት ሄደ ቢለኝ ዘመድ ታሞበት አልሁት። ባለቤቴ ያስቀመጣቸውን የእሽቅድምድም መኪና ሥዕሎች አውጥቼ ምድጃ ውስጥ አቃጠልኋቸው። በሥዕሎቹ ላይ ምንም የለም፤ ግን ከሥራቸው የተጻፈው ፈረንጅኛ ነበር።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ሰላም ነሳኝ፤ ሽማግሌው ምንም አያውቁም። ባለቤቴ ቢመታ ስማቸውን ያወጣ ይሆናል። እሳቸውን ላስጠነቅቅ ሐይቁ ዳር ወረድሁ።

«አባባ፣ ዘመድ ካለዎት እዚያ ማዶ ተሻግረው ቢሰነብቱ» አልኋቸው፤ የሆነውንም ነገርኋቸው።

ሰምተው ሲጨርሱ እጃቸውን በሐይቁ ውሃ ታጠቡ።

«ስሜን አልጠራም?»

«አልጠራም። ከማላውቀው ሰው ገዛሁት አላቸው። እርስዎን እንዳያገኝዎት ብሎ ነው።»

«ነገ ጠዋት ኮረብታውን አብረን እንወጣለን።»

«አባባ፣ እሱ የዋሸው እኮ እርስዎ እንዳይወጡ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። ለዚያ ነው የምወጣ።»

በማግሥቱ ኮረብታውን ስንወጣ እሳቸው በምርኩዝ፣ እኔ በሆዴ ምክንያት፣ ሁለታችንም እያረፍን ነበር። ጎጆው ጋ ስንደርስ ሽማግሌው ሰላምታ ሰጡና፣ ሳይጠየቁ፣

«ያ ብረት የእኔ ነው» አሉ። «ጀልባዬን ሳስርበት የኖርሁ ካስማ ነው። ከመንግሥት ለውጡ በፊት ገደል ከገባ ካሚዮን ነው ያነሣሁት፤ የሚፈልገው ስላልነበር። ለዚህ ልጅ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጥፋት ካለ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

የመቶ አለቃው ብረቱን አስመጣ። ጎጆው ደጃፍ ተቀምጦ ጭኑ ላይ አጋደመውና በጣቱ ዳሰሰው። አንዱ ቦታ ላይ ዙሪያውን ጎድጎድ ብሎ ይታይ ነበር።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ገመድ የፈተገው ነው ልጄ። ማዕበል ሲነሣ ጀልባው ይስበዋል።»

የመቶ አለቃው አውራ ጣቱን በጎድጓዳው ዙሪያ አዞረ። ምን እንዳሰበ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት አባቱን መስለውት ይሆናል፤ ምናልባትም ነገሩ ሰልችቶት። ተነሣና ወታደሩን አንድ ነገር አለው። ባለቤቴን አወጡት።

ጫማውን በእጁ ይዞ ነበር። እግሩ አብጦ አልገባለት ብሏል። እኔን ሲያይ ሊስቅ ሞከረ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ተወው። የመቶ አለቃው፣ «ብረትህንም መኪናህንም ይዘህ ውረድ። ሁለተኛ እዚህ ኮረብታ ላይ እንዳላይህ» አለው። መኪናዋ ለሁለት ሰው ናት፤ ሽማግሌውን አስገባሁና እኔ በእግሬ ተከተልሁ። ባለቤቴ ባዶ እግሩን፣ የሰው እርምጃ ያህል ቀስ እያለ ነዳ። አንድም ጊዜ ወደ ኋላዬ አልዞርሁም፤ ብዞር የሚጠሩን ይመስለኝ ነበር።

ያን ዕለት እግሩን በሞቀ ውሃና ጨው ሳጥብለት መጀመሪያ የተናገረው፣ «የመኪናዋን ፊት ከመጠን በላይ ስላደነደንኩት ነው» የሚል ነበር። «የፊት ጎማዎቹ መያዝ አቃታቸው። ለዚያ ነው ያልዞረችው።»

ተናደድሁ። አለቀስሁም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለ መኪና ታወራለህ ብዬ ሳህኑን ገፋሁት።

«እዚያ ውስጥ ስለሌላ ነገር እንዳላስብ ነው» አለኝ። «ሲጠሩኝም፣ ሲመልሱኝም ስለ ዘንጉ ነበር የማስበው። ሌላ ነገር ባስብ ኖሮ እናገር ነበር።»

ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቦታ አንዳችም ነገር አውርቶኝ አያውቅም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

እግሩ ሲድን ብረቱን እንደገና አስገባው። የዘንጉን ጫፎች ከነበረው ቀዳዳ ወደ ውጪ ፈቀቅ አድርጎ በሳቸው፤ እንደዚያ ሲሆን ክንዱ ስለሚረዝም ብረቱ ላላ ይላል አለኝ። በዘንዘልማ መንገድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሁሉም ሰው እያየን ሞከራት። አልተኛችም፤ ስትታዘዝም ዞረች። ምጥ የያዘኝ ቀን ሆስፒታል ያደረሰኝ በእሷ ነው። እሱ መንገዱን ሲያይ እኔ በኋላ መስኮት የሚከተለን መኪና መኖሩን ነበር የማይ።

ያ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ያ መንገድ ተከፈተ፤ ሰው ለሽርሽር ይወጣበት ጀመር። ልጆቻችን ዓባይን ከላይ እንይ ብለው ለመኑን። ባለቤቴ ከኮረብታው ሥር የዛፍ ጥላ ፈልጎ ተቀመጠና፣ «እናንተ ሂዱ፤ እኔ እዚህ እጠብቃችኋለሁ» አለ። ወጥተን፣ አይተን፣ ወረድን። እዚያው ከተቀመጠበት ነበር፤ ጀርባውን ለኮረብታው ሰጥቶ።