እግሮቼ ማክሰኝት የሄዱ ለት

ያን ክረምት ቤታችን የገባው የሆድ ቫይረስ መጀመሪያ ልጆቹን ያዘ፣ ቀጥሎ ባለቤቴን አንበረከከ፣ በመጨረሻ ወደ እኔ መጣ። ልጆቹ አስታወኩ፣ ተኙ፣ በማግስቱ ኳስ ሊራገጡ ወጡ። እኔን ሲያስታውከኝ ግን በሠርጌ ዕለት የበላሁት ሥጋ ሳይቀር የወጣ ነው የመሰለኝ። ድምፄ ከሰፈራችን ከአዲስ ዓለም ተነስቶ ከከተማው ዳር አዘዞ ድረስ ተሰምቷል ብል፣ ወላሂ፣ ከጎረቤቶቼ አንድ የሚያስተባብል አይገኝም።

እኔ ደግሞ ተራ በሽተኛ አይደለሁም። መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሉት አለብኝ። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ የሰውነቴ ዘበኛ ሌባውን ከባለቤቱ መለየት አቅቶት የገዛ ነርቬን ይቦጭቃል፤ አይጥ የመብራት ገመድ ሽፋን እንደምትበላው። ያን ዘበኛ ለማደንዘዝ በየቀኑ እንክብል እውጣለሁ። ዘበኛው ሲያንቀላፋ ታዲያ መንገደኛ ቫይረስ ሁሉ ሳያንኳኳ ይገባል።

በዚያው ዓመት እግሮቼ ከድተውኝ በከዘራ ስንፏቀቅ ከርሜ፣ ያለ ከዘራ መሄድ የጀመርኩት ገና ክረምቱ ሲገባ ነበር። ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ እንዲህ አለኝ፦ «ሲሞቅህ ወይም ሲያተኩስህ የድሮው ድካም ተመልሶ ይመጣል። ስትቀዘቅዝ ከለቀቀህ፣ ሙቀቱ ነው። ቀዝቅዘህም ካልለቀቀህ ግን በሽታው እንደ አዲስ ተነስቷል፤ ሳትውል ሳታድር ና።»

ይህንን ለቤተሰቡ ሁሉ ነግሬያለሁ። ጉዳቱ፣ የነገርኳቸው እኔ መሆኔ ነው። እኔ ያወራሁትን ሰው ግማሹን ለሳቅ፣ ግማሹን ለንፋስ ይሰጠዋል።

ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ሲጀምረኝ ታላቅ እህቴ ደረሰች። በእኛ ዘንድ የታመመ ሰው ይሸፈናል። መስኮቱ ይዘጋል፣ የበሩ ስንጥቅ በጨርቅ ይወተፋል፣ ላብ እስኪወጣው ይጠበቃል። ሌላው ሰው ጋቢ ያልቅበታል፤ የእኔ ሥራ ግን ጋቢና ብርድ ልብስ መሸጥ ነው። እህቴ ሱቁን ወደ አልጋዬ አዛወረችው። የሸማኔ ጋቢ፣ ከዚያ ላይ ሌላ ጋቢ፣ ከሁሉ በላይ ነብር የተሳለበት ወፍራም ብርድ ልብስ። ነብሩ ደረቴ ላይ ተኝቶ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ጀመር። ዋጋውን የሚጠይቀኝ ይመስል ነበር።

ሙቀቱ እንደ ጉም ዙሪያዬን ሞላው። ክፍሉ ራቀ፤ የእህቴ ድምፅ ከወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ሆነ። በዚያ ጉም ውስጥ ሁለቱ እግሮቼ ከብርድ ልብሱ ሥር ቀስ ብለው ወረዱ። ካልሲ እንዳደረጉ ናቸው። በሩን ከፍተው ወጡ፤ ቁልቁል የማክሰኝትን ገበያ መንገድ ያዙ። ጠራኋቸው። «በግ ገዝተን እንመጣለን» አሉኝና በገበያተኛው መሀል፣ በበጎቹ መሀል፣ ያለ እኔ ሄዱ። መንገዱ እርጥብ ነበር፣ ያበራል። እንዲህ ያማረ መንገድ አይቼ አላውቅም።

ዓይኔን ስገልጥ የእግሬን አውራ ጣት ላነቃንቅ ሞከርኩ። የለም።

«እግሮቼ የሉም» አልኩ።

«የት ሄዱ ደግሞ?» አለች እህቴ።

«ማክሰኝት።»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። «ተሽሎታል! ይኸው ቀልዱ መጣ» ብላ እህቴ ጋቢውን እስከ አገጬ ሳበችው። ያልሳቀችው ባለቤቴ ብቻ ናት። ከግርጌ ገልጣ እግሬን ቆነጠጠችው። ዓይኔን አየችኝ። እንዳልተሰማኝ ገባት።

በዚህ መሀል ከዳባት በላይ ካለው ደጋ የሱፍ በርኖስ እየሠራ የሚያመጣልኝ ሽማግሌ ገባ።

«ምነው አንተ ሰው? በቀደም ለት ሸጋ አልነበርህም?»

«አያ፣ እግሬ ጠፋኝ።»

«ብርድ ነዋ! ሌላ ምን ይወስደዋል!» አለና የለበሰውን በርኖስ አውልቆ ነብሩ ላይ ደረበው። በርኖሱ ሳይሆን በጎቹ ራሳቸው የተጫኑብኝ መሰለኝ።

ባለቤቴ ስልክ አነሳች፤ ሐኪሙን ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ምን ደርባችሁበታል?» አለ።

ዘረዘረችለት። ሐኪሙም፣ «ሁሉንም አንሱለት። መስኮቱን ክፈቱ። በእርጥብ ጨርቅ አብሱት። ጨውና ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ በማንኪያ በማንኪያ አጠጡት። እንክብሉ ካልረጋለት ሳይመሽ ክሊኒክ ይሂድና በመርፌ ይሰጠው፤ መቋረጥ የለበትም። ቀዝቅዞም እግሩ ካልታዘዘለት ነገ በጠዋት አምጡት» አለ።

«ድምፁ የልጅ ነው» አለች እህቴ። «ጢም ያበቀለ አይመስለኝም።»

«እትዬ፣ ብርድ ቢገድለው እኔ ልጠየቅ» አለች ባለቤቴ፣ ነብሩንም ጋቢውንም በርኖሱንም ባንዴ ገፈፈችው። መስኮቱ ሲከፈት ዝናብ የነካው ንፋስ ከተራራው ወርዶ ገባ። እህቴ ዱዓዋን ጀመረች። አያ በርኖሱን አንስቶ መልሶ ለበሰ፤ «ታዲያ እኔ ይብረደኝ?» አለ።

ባለቤቴ ጨርቁን እየነከረች ግንባሬን፣ አንገቴን፣ ብብቴን ታብሳለች። ጨውና ስኳሩን በማንኪያ ታቀምሰኛለች። ከጠጣሁት እኩሌታው ተመለሰ፣ እኩሌታው ቀረ፤ እንክብሉ ግን ረጋልኝ። እኔ ጣሪያውን እያየሁ እጠብቃለሁ። ቀዝቅዤም ባይመጡስ? ቀልድ አጥቼ የማላውቀው ሰውዬ ያኔ አንድም አልመጣልኝም። መንገዱን ብቻ ነበር የማየው፤ ያ የሚያበራው እርጥብ መንገድ፣ ባዶውን።

የመግሪብ አዛን ሲሰማ ጨርቁ ቀዘቀዘኝ። የእግሬ ጣት ላይ እንደ ጉንዳን የሚሄድ ነገር መጣ። ይህንን ለባለቤቴ ልነግራት አፌን ስከፍት ሆዴ ቀደመኝ። ያ የተረገመ ሆድ እንደ ነጋሪት ጮኸ፣ እኔም ማሰቢያ ጊዜ አጥቼ ተነሳሁ። ግድግዳውን ተደግፌ፣ እየተንገዳገድኩ፣ በዝናቡ ግቢውን አቋርጬ ሽንት ቤት ገባሁ። የዓለም ሯጮች ቢያዩኝ ጫማቸውን ይሰቅሉ ነበር።

«ወዴት ነው?» ስትል ሰማሁ እህቴ።

«እግሩ መጣ! ተማክሰኝት መጣ!» ጮኸ አያ።

ከዚያ የባለቤቴ ኮቴ በጭቃው ላይ። የቆርቆሮውን በር አንኳኳች።

«እግርህ አለ?»

«አለ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

እኔን ማን ያምነኛል። «እስቲ ወለሉን ምታበት» አለች።

በቀኜ መታሁ። ጣውላው ጮኸ። ግራዬን አነሳሁት፣ ከበደኝ፣ ደግሞም መታሁ።

«ድገመው» አለችኝ። ደገምኩላት።