የሲባጎው ቀለበት

ሴትዮዋ የምትመጣው ሁልጊዜ ጂሙ ጭር ሲል ነው። ሙቀቱ ሰው በሚያቀልጥበት ቀን እንኳ ያንን እጀ ረጅም ሹራቧን አታወልቅም። እግር አትሠራ፣ ሆድ አትሠራ፤ የክንድ ብቻ ነው ሥራዋ። ብረቱን ስታነሳ ጥርሷን ትነክሳለች እንጂ አታቃስትም። በሩ ጓ ባለ ቁጥር ግን ድምፅ ሳታሰማ መሬት ታስቀምጠዋለች፤ ሕፃን የምታስተኛ ነው የሚመስለው።

አሰልጣኙ በሰው ጉዳይ መግባት አይወድም። ይህቺ ግን አንጀቱን በላችው።

"እህቴ፣ ጡንቻ የሚያድገው ብረት ስታነሺ ሳይሆን ስታርፊ ነው። በደንብ ብዪ፣ በደንብ ተኚ" አላት አንድ ቀን።

"መብላቱን እሞክራለሁ" አለች።

ልምምዷን ስትጨርስ የቀኝ እጅጌዋን ብቻ ትሰበስብና ቀለበት ሆኖ የተቋጠረ ሲባጎ ከቦርሳዋ አውጥታ ክንዷ ላይ ታጠልቃለች። የግራውን ገልጣ አታውቅም። ሲባጎው ሁሌም እየሰፋት ሸርተት ይላል፤ እሷም መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች።

ዛሬ ግን ጡጫዋን ጨብጣ ክንዷን ስታጥፍ ሲባጎው ጥብቅ አለ። አሰልጣኙ ደስ አለው።

"በይ እንኳን ደስ አለሽ። ለመሆኑ ልኩ የማን ክንድ ነው?"

"የባለቤቴ።" ፊቷ አልፈታም። "የለካሁት ግን ተኝቶ ሳለ ነው። ነቅቶ ሲቆጣ ምን ያህል ይጨምራል?"

መልሱን አልጠበቀችም፤ ሲባጎውን ፈትታ፣ አስፍታ ቋጠረችና ወደ ብረቱ ተመለሰች።