ለአለቃዬ የነገርኩት የፕሮግራም መርዶ

ለቡ መብራት ኃይል ያለው ቢሮ የተቀጠርኩት ለጽዳት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ስልክ የምታነሳው ልጅ ለወሊድ ወጥታ ስለነበር፣ አለቃዬ አቶ ምንተስኖት መወልወያውን ከእጄ ተቀብለው ስልኩን ሰጡኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም አልኳቸው። የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ትለያለሽ ወይ አሉ። ከልጄ ደብተር ላይ ለምጃለሁ ብላቸው፣ ይበቃል አሉ።

ቢሮው ለዳቦ ቤቶች የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሠራል። ፕሮግራሙ ሥራ አቁሞ ሲወድቅ የወደቀበትን ክፍል ስም ስክሪኑ ላይ ያወጣል። ስሙ ግን ቁጥር ተቀላቅሎበት፣ ተጨፍልቆ ነው የሚወጣው። ዳቦ ቤቶቹ ፊደሉን አንድ በአንድ በስልክ ያነቡልኛል፤ እኔ ጽፌ እፈታና ክፍሉን ለሠራው ባለቤት እነግራለሁ።

አፈታቱን ያስተማሩኝ አቶ ምንተስኖት ናቸው። _ZN6midija4atfaEv ከተባለ፣ _ZN መክፈቻ ነው፣ ይታለፋል። 6 ሲል ስድስት ፊደል ትቆጥሪያለሽ፤ ምድጃ ይሆናል፣ ያ ክፍሉ ነው። 4 ሲል አራት ትቆጥሪያለሽ፤ አጥፋ፣ ያ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሥራ ነው። E መዝጊያ ናት። v ሥራው ሲጠራ የሚቀበለው ነገር የለም ማለት ናት።

ስልኩ በጮኸ ቁጥር ኢየሱስ እያልኩ ቆሜ ነበር የማነሳው። የነፋስ ስልኩ ዳቦ ጋጋሪ ጋሽ ሽኩር ደግሞ ልጆቼን በየስማቸው ሳይጠይቁ አንድ ፊደል አያነቡም።

አንድ ቀን የእሳቸው ፕሮግራም ደጋግሞ ወደቀ። አቶ ምንተስኖት ተቆጥተው ሁላችንም ፊት፣ "የማን ክፍል እንደሆነ ይታወቅና ዛሬውኑ ዕቃውን ሰብስቦ ይውጣ" አሉ። ስሙን ፈታሁት። ክፍሉ ሚዛን፣ ሥራው ለካ ይላል። እንደገና ቆጠርኩ፤ ያው ነው። የሚዛን ክፍል ባለቤት ራሳቸው አቶ ምንተስኖት ናቸው።

ሁለት ልጆች የማሳድገው በዚህ ሥራ ነው። የምድጃውን ክፍል ለምትሠራው ለትዕግሥት ሹክ አልኳት፤ እሷም ደነገጠች። ከባድ ወሬ ሲነገር የማውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። እህል ይቀመሳል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ከዚያ ይነገራል።

ከታች ካለው ምግብ ቤት ሽሮ አስመጥተን አቶ ምንተስኖትን አስቀመጥናቸው፤ ትንሽ ይቅመሱ እያልን ለመንናቸው። ሠራተኛው እየገባ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ለካ እኔም ሳላስበው ነጠላዬን አዘቅዝቄያለሁ። ጉርሻው እጃቸው ላይ ቀረ።

"እናቴ ናት?" አሉ።

"እናትዎ ደህና ናቸው። ሚዛን ነው።"

"ሚዛን ማነው?"

"የእርስዎ ክፍል። ሲለካ ወደቀ።"

ሆሳዕና ከተማ ደውለው የእናታቸውን ድምፅ እስኪሰሙ ድረስ አላመኑኝም። ስልኩን ሲያስቀምጡ ትዕግሥት፣ "ዕቃዎን እንሰብስብልዎት?" አለቻቸው። ያኔ ሳቃቸው መጣ። ስለ ዕቃ መሰብሰብ ከዚያ በኋላ ያነሳ የለም።

እኛ እሳቸውን ስናበላ ጋሽ ሽኩር ሲደውሉ የሚያነሳ ጠፍቶ ሊጣቸው ሳይመዘን ኮምጥጦ ተደፋ። አቶ ምንተስኖት ክፍሉን ጠግነው ሲጨርሱ ጠሩኝና፣ "እትዬ አስቴር፣ ሰው ካልሞተ በቀር ቆመሽ በአንድ ትንፋሽ ንገሪኝ" አሉ።

አሁንም እፈራለሁ። አዲስ ለምትገቡት የምለው ግን፣ ስሙን እንደፈታችሁ ለባለቤቱ ንገሩ። ምሳ አትጋብዙት።