ሸዋዓለምና የዘጋነው መስኮት

ሸዋዓለምን ያወቅኋት ስፒርት ስንሞላ ነው። አፉላ ከተማ፣ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ባለች ትንሽ ፋብሪካ፣ ለምድጃ የሚነደውን ስፒርት ከበርሜል ወደ ጠርሙስ እንሞላ ነበር። እሷ ትቀዳለች፣ እኔ እከድናለሁ። ጎንደር እያለች አረቄ እያወጣች ነው ልጆቿን ያሳደገች። ያን ጊዜ ለልጇ ለኬሬን ሰርግ ቀሚስ ትጠልፍ ነበር፣ አውቶብስ ላይ እንኳ መርፌዋ አያርፍም።

የሁለት ሺህ አምስት ክረምት ብርዱ ሌላ ነበር። አለቃችን ሽሎሚ «መስኮቱ አይዘጋ» ብሎናል። ንፋሱ ግን ጀርባዬን ወጋኝና፣ እሱ ሲወጣ ጠብቄ ዘጋሁት። ንፋስ የመታው ሰው አይነሳም ሲባል ነው ያደግን።

«ሽታውስ?» አልኋት።

«ሂጅ ወዲያ! አረቄ ነው። እኔ በዚህ ስንት ዓመት ታጥኛለሁ።» ሳቀች። «ሳንጠጣ ሰከርን እንጅ ምን ሆን!»

በየቀኑ ዘጋነው። በሁለተኛው ሳምንት ራሷን ያማት ጀመር፤ ያጥወለውላታል። ተቀምጣ አታርፍም፤ ትነሳለች፣ ፊቷን ትታጠባለች፣ ትመለሳለች። 

አንድ ጧት አውቶብስ ላይ መርፌውን እንደያዘች መጥለፉን አቆመች።

«አንች፣ ዛሬ ጭጋግ ነው እንዴ?»

ውጭ ፀሐይ ነበር።

እጇን ይዤ ወርጄ ቁፓት ሆሊም፣ ክሊኒኩ ወሰድኋት። ሐኪሟ በዕብራይስጥ ትጠይቃለች፣ እኔ አስተረጉማለሁ። የምድጃ ስፒርት እንደምንሞላም ነገርኋት።

«የምትሠሩበት ቤት መስኮቱ ክፍት ነው?»

ሸዋዓለም ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ክፍት ነው በያት። ከሥራ ያባርሩናል።»

 ሰው ፊት መናገር አልችልም እኔ።

«ዝግ ነው» አልኋት ሐኪሟን። «የዘጋሁት እኔ ነኝ። አረቄ መስሎን።»

«አረቄ አይደለም። ይሄ ሜታኖል ነው፤ ትነቱን ብቻ ስትስቡት ዓይን ያጠፋል» አለችና ወዲያው ስልክ አነሳች። በአምቡላንስ ሆስፒታል ወሰዷት። ኮሪደሩን ስመላለስበት ዋልሁ።

ቀኝ ዓይኗ ተመለሰ። ግራው አሁንም ጭጋግ ነው። ወደ ፋብሪካው አልተመለሰችም። የቀሚሱን ጥልፍ እሷ እየነገረችኝ እኔ ጨረስሁት፤ ጠማማ ነው፣ ኬሬን ግን ለበሰችው።

እኔ እዚያው ነኝ። ሸዋዓለም ጧት ጧት ትደውላለች።

«ከፍተሻል?»

«ከፍቻለሁ።»

«ጀርባሽስ?»

«በረደኝ።»

«ይብረድሽ!» ትልና ስልኩን ትዘጋዋለች። እኔም ሄጄ መስኮቱን እንደገና አያለሁ።