እናቴ በሃምሳ የጾመችበት ቀን

ሰሞኑን ልጄ የጾም ወጥ ልትሠራ ከገበያ ያመጣችውን የሰሊጥ ዘይት ክዳን ስትከፍተው፣ ያ ከበድ ያለ የቆላ ጠረን ቤቱን ሞላውና፣ ጎንደር ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ እንደተቀመጥኩ ሳላስበው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገባሁ። ልጄ «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» ብትለኝ «ምንም» አልኳት። ግመል የሚያዞረውን የሰሊጥ መጭመቂያ ላላየ ሰው ከየት ተጀምሮ ይነገራል?

መጭመቂያው ከቤታችን ጀርባ ነበር። ዓይኑን የተሸፈነው ግመል ቀኑን ሙሉ ሲዞር ይውላል፤ የሰሊጡ ሽታ ልብሳችንም ጸጉራችንም ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር፣ እናቴ «እዚህ አገር ሰው ቅባት መግዛቱ ምን አስቸኮለው፣ በመንገድ ማለፍ ይበቃዋል» እያለች ትቀልድ ነበር።

ገዳሪፍ የደረስነው በደርግ ጊዜ፣ እኔ የወተት ጥርሴን በምነቅልበት ዕድሜ ነው። ቀበሌው አባቴን መፈለግ ሲያበዛ፣ አባቴ ሰሊጥ ሊያጭድ የሚወርድ ሠራተኛ መስሎ እናቴንና እኔን ይዞ በመተማ ወጣ። ገዳሪፍን የመረጥነው የእናቴ ታላቅ እህት እዚያ ስለነበረች ነው። አክስቴ ዘውዲቱ ከእኛ ብዙ ዘመን ቀድማ የሄደች ናት፤ ያውም በስደት ሳይሆን በፍቅር። ጋሼ ኢድሪስ የሚባሉ የጎንደር ሙስሊም ጨርቅ ነጋዴ ወድዳ፣ ሃይማኖታቸውን ተቀብላ፣ ዘይነብ ተብላ ሄደች። ቄስ የነበሩት አያቴ ልጃቸው በቁሟ ሳለች ለቅሶ ተቀመጡላት፤ እናቴንም መስቀል አስይዘው የእነሱን እርድ እንዳትቀምስ አስማሏት። እናቴ በቃሏ ቀልድ አታውቅም። እህቷንም ከነፍሷ አብልጣ ትወዳለች። እኔ ያደግሁት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ስም የመምረጡን ጣጣ እናቴ በቀላሉ ተገላግላዋለች፤ ዘውዲቱም ዘይነብም ሳትል፣ እንደ ልጅነቷ «እትዬ» ብቻ ትላታለች። የማዕዱ ነገር ግን እንዲህ በዘዴ የሚታለፍ አልነበረም። በፍስክ ወራት ሁለቱ ቤቶች ሥጋ ይሠራሉ፤ የእኛን እነሱ አይበሉ፣ የእነሱን እኛ አንበላ፤ ሥጋ ባለበት ቤት ለእህት ባቄላ ማቅረብ ደግሞ ከስድብ አይተናነስም። ስለዚህ በፍስክ ሻይ ተጠጥቶ፣ ልጅ ተስሞ፣ ሁሉም በየቤቱ ይገባል። ጾም ሲገባ ግን ምስርና ባቄላ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። እናቴ ለዚሁ ብላ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ ድስትና ትሪ ከእህቷ ቤት አስቀምጣለች፤ አክስቴም ጨርቅ ሸፍና እንደ ታቦት ዕቃ ትጠብቀዋለች።

ስለዚህ እኔ ፋሲካ ሲመጣ የማለቅስ ልጅ ነበርኩ። ሌሎቹ ልጆች ሁዳዴን በጣታቸው እየቆጠሩ ሲያባርሩት፣ እኔ ባይወጣ ደስ ይለኛል። ረቡዕና ዓርብ በጠዋት የምነሣባቸው ቀኖች ናቸው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የአክስቴ ግቢ ውስጥ፣ ረኩባ በሚሉት የሣር ጥላ ሥር፣ ፉል በሰሊጥ ዘይትና በቀይ ሽንኩርት ተለውሶ፣ ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ ትሪ ላይ አጎንብሰው፣ እኔ መካከላቸው ሆኜ፣ ከግራም ከቀኝም እየተጎረስኩ ስበላ ራሴን የነጋሢ ልጅ አደርጋለሁ። በዓል ሲሆን ደግሞ ዘዴያቸው ሌላ ነው። ለፋሲካ ጋሼ ኢድሪስ በግ በቁሙ ይልኩልናል፤ ለዓረፋ አባቴ ከሀዋታ የእርሻ ሥራ እንደተመለሰ በግ በቁሙ እየጎተተ ይወስድላቸዋል። አንድ ዓመት የላክነው በግ በማግስቱ ገመዱን በጥሶ ወደ እኛ ተመልሶ መጣና አክስቴ «ወላሂ፣ ይኼስ ክርስቲያን ነው» ብላ ሰፈሩን በሳቅ ጨረሰችው።

ከሁሉም የማይረሳኝ ረመዳንና ሁዳዴ አንድ ላይ የገቡበት ዓመት ነው። እናቴ በዘጠኝ ሰዓት መብላት ትችላለች፤ አክስቴ ግን ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃም አይነካት። እናቴ «ቤተ ክርስቲያን ጨምሪ ቢሉኝ እምቢ አልላቸውም» ብላ እስከ ማታ ትጠብቃታለች። ዚሩ፣ ማለት ውሃ የሚቀዘቅዝበት ትልቁ እንስራ፣ አጠገባቸው እየተንጠባጠበ፣ ሁለቱም ከንፈራቸው ደርቆ፣ ስለ ልጅነታቸው እያወሩ ይቀመጣሉ። አዛን ሲሰማ እናቴ አማትባ፣ አክስቴ ቢስሚላህ ብላ፣ እጃቸውን እኩል ይሰድዳሉ። አንዳንዴ አክስቴ ስትደነግጥ «በስመ አብ!» ይወጣታል፤ እናቴም ከጊዜ ብዛት ያለ «ኢንሻላህ» ቀጠሮ መስጠት ትታ ነበር። እንደዚያ ያለ ጣዕም ያለው ባቄላ ከዚያ ወዲህ አልበላሁም።

አክስቴ የታመመችው በዚያው ዓመት፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። መጀመሪያ ወባ ነው አሉ፤ ኋላ ዓይኗ ቢጫ ሆነ፣ ሐኪሙም ጋሼ ኢድሪስን ለብቻቸው ጠርቶ አነጋገራቸው። እሳቸው ከዚያ ወጥተው በቀጥታ እኛ ቤት መጡ። በሩ ላይ ቆመው ጥምጥማቸውን እያጠነከሩ «እህትሽ እህል እምቢ አለች። ዶሮም አሳረድኩ፣ መረቅም አስደረግሁ፤ ‹ከእህቴ ጋር ካልሆነ አልበላም› ትላለች» አሉ። እናቴ ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነበር። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ጾም የለም፤ ረቡዕም ዓርብም ይበላል፤ በዚያ ውስጥ መጾም በትንሣኤው እንደ ማዘን ነው ይላሉ ካህናቱ። መሐላዋን አፍርሳ መረቁን እንዳትቀምስ የአባቷ መስቀል አለባት። ባቄላውን እንዲያው ይዛ እንዳትሄድ ደግሞ፣ አክስቴ የቄስ ልጅ ናት፤ በሃምሳ የጾም ምግብ ካየች እህቷ ልትሰናበታት እንደመጣች ወዲያው ይገባታል። እናቴ ከመሐላውም ይልቅ ይኼ ነበር ያስጨነቃት፤ እህቷ እንደምትሞት ከእሷ እጅ እንድታውቅ አልፈለገችም።

በማግስቱ እናቴ እህል ሳትቀምስ ዋለች። ውሸቱን ለመዋሸት ቆርጣለች፤ ጠግቦ መዋሸት ግን ሁለት ኃጢአት ይሆንብኛል ብላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በትክክል ጾመች። ከዚያ ፉሉን ሠርታ፣ ዘይቱን አፍስሳ፣ እኔን አስከትላ ሄደች። አክስቴ በረኩባው ሥር በገመድ አልጋ ላይ ተኝታለች፤ ከሳችና አልጋው ሰፍቷታል። ትሪውን ስታይ ቀና አለች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጾም ገብቷል እኮ እትዬ። የሰኔ ጾም።»

«ጰራቅሊጦስ አለፈ?»

«አለፈ። አንቺ ተኝተሽ ምኑን ታውቂ።»

አክስቴ ትሪውን አየች፣ እናቴን አየች።

«ወላሂ፣ ሕመም ክፉ ነው» አለች በመጨረሻ፤ «በይ አቅርቢያ፣ ርቦኛል።»

በሉ። ከጉርሻው የሚበዛው እናቴ አፍ ቢገባም በሉ፤ አክስቴም ጎረሰች፣ አላመጠች፣ «ጨው አሳንሰሻል» ብላ ተቆጣች። እናቴ ትሪውን ልታጥብ ወደ ዚሩ ስትሄድ አክስቴ በጣቷ ጠራችኝና ጆሮዬ ሥር «ሃምሳው አላለቀም፣ አይደል?» አለችኝ። ፈገግ ብላ ጣቷን ከንፈሬ ላይ አደረገችው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ጋሼ ኢድሪስና የሰፈሩ ወንዶች በፍጥነት፣ እንደ ሥርዓታቸው፣ ወስደው ቀበሯት፤ ሴት ወደ መቃብር አይሄድምና እናቴ ከሴቶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ቀረች። ፍትሐት የለ፣ ተዝካር የለ፤ የምታውቀው የሐዘን መንገድ ሁሉ ተዘግቶባት ምንጣፉን በጥፍሯ ስትፍቅ አየኋት። በሰንበቱ የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄዳ በሃምሳ ጾሜያለሁ፣ ዋሽቻለሁም ብላ ተናዘዘች። አባ ግራ ገባቸው፤ ስለ ጾመች ጾም አያዟት፣ ስግደትም በሃምሳ አይሰገድም። ሲያስቡ ቆይተው «ሂጂ ልጄ፣ ብዪ» አሏት። እናቴ ይህን ስትነግረን እየሳቀች ጀምራ መጨረስ አቃታት።

ደርግ ወድቆ ጎንደር ከተመለስን በኋላ፣ እናቴ አርጅታ ስትደክም፣ አንድ ቀን ያንን የአክስቴን ሹክሹክታ ነገርኳት። ይደንቃታል ብዬ ነበር።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «እትዬ ጰራቅሊጦስን ትስት? አባባ ቤት የዓመቱን አጽዋማት በጣቷ አስልታ የምትነግረን እሷ ነበረች።»

እናቴ ጎንደር አርፋለች፤ እህቷ ገዳሪፍ ናት፤ በመካከላቸው ድንበር አለ። እኔ ዛሬ ጾሙንም ፍስኩንም በሥርዓቱ እይዛለሁ፤ አንድም ቀን አፋልሼ አላውቅም። የማፋልስለት ሰው የለኝማ።