ስልኩ የጋሼ፣ ፋክሱ የእኔ

ዛሬ ጥያቄዬ በቴሌቪዥን ተነበበ። ሲነበብ አርባ ሰው ቆሞ ነው የሰማው፤ ለዜና እንኳ እንዲህ አይቆምም።

የማስተማር ዘዴ መምህራችን ባሕር ማዶ ናቸው። በየሐሙሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎፋ ባለው ኮሌጃችን አዳራሽ፣ በሳተላይት፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ ይላሉ። እኛ እናያቸዋለን፣ እሳቸው አያዩንም። መምህር ሲገባ መነሣት ልማዳችን ስለሆነ እንነሣለን። የመጀመሪያው ቀን "ተቀመጡ" የሚለን ጠፍቶ ሃያ ደቂቃ ቆመናል። አሁን የክፍል አለቃችን "ተቀመጡ ብለዋል" ይሉናል።

አለቃችን ከመሥሪያ ቤት ተፈቅዶላቸው የሚማሩ የሦስት ልጆች አባት ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ለጥያቄ የተሰጠንን አንድ ስልክ የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ትምህርቱን በብዙ አገር ያሉ ኮሌጆች ስለሚከታተሉት ለየአገሩ የሚደርሰው ሁለት ደቂቃ ነው። ጋሼ ደግሞ ሰላምታ ሳያደርሱ ወደ ጉዳይ መግባት አይሆንላቸውም።

"እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብ ደህና ነው? ብርዱስ እንዴት ነው?"

መምህሩ "ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ አዲስ አበባ" ይሉና ወደ ናይሮቢ ይዞራሉ። በአምስት ሳምንት ውስጥ ክፍላችን የጠየቀው ነገር ቢኖር የመምህሩን ጤንነት ነው። በዚህ በኩል ያልገባን ነገር የለም።

የእኔ ጉዳይ የመጣው በፈተና ነው። "ሲያነጋግሩት ዓይን ዓይን የማያይ ተማሪ ምን ማለቱ ነው?" ይላል። "ማክበሩ ነው" ብዬ ጻፍኩ። እናቴ ስትቆጣኝ መሬት መሬት እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ቀና ብዬ ባያት ኖሮ የሚከተለውን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ወረቀቱ ሲመለስ ትልቅ ኤክስ ተደርጎበታል፤ መልሱ "አያዳምጥም ማለት ነው" ኖሯል። በዚያች አንድ ነጥብ ወደቅሁ። የወደቀ ደግሞ ከትምህርቱ ይሰናበታል።

"ጋሼ፣ ስልኩን አንዴ ብቻ ይስጡኝ።"

"ምን ልትያቸው?"

"ተሳስተዋል ልላቸው።"

"አንቺ ልጅ! እንኳን መምህር፣ ጎረቤትም እንዲህ አይባልም። ደግሞ ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ይዟቸው ነበር።"

ስለዚህ ጻፍኩ። በእንግሊዝኛ ስናገር አፌ ይተሳሰራል፤ ስጽፍ ግን የሚያቋርጠኝ የለም። የኮሌጁ ጸሐፊ በየረቡዑ የተገኙ ተማሪዎችን ዝርዝር በፋክስ ለመምህሩ ይልካሉ። ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ።

"ረጅም ነው?" አሉኝ።

"ሦስት መስመር ነው፣ እትዬ።"

"በይ ከስም ዝርዝሩ ኋላ ይግባ።"

ከስሜ ሥር የጻፍኩት ይህን ነበር፦ "ዓይን ዓይን የማያይ አያዳምጥም ብለዋል። እርስዎ እኛን አያዩንም። ታዲያ እያዳመጡን ነው?"

ዛሬ መምህሩ ብቅ አሉ፤ ተነሣን። ጋሼ ተቀመጡ ሳይሉን መምህሩ ወረቀቴን አነበቡት። ደግመው አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ "ልክ ነች" አሉ። "ነጥቧ ይመለስላት። በሚቀጥለው ሐሙስ ስልኩን እሷ ትያዝ፤ የክፍሉ ተማሪ ባይሆንም ጥያቄ ያለው ሁሉ ይምጣ።"

አልተሰናበትኩም ማለት ነው።

ጋሼ ስልኩን አዩት። እኔን አዩኝ።

"እሺ፣ ያዢው። ግን መጀመሪያ ጉንፋኑ ለቅቋቸው እንደሆነ ጠይቂልኝ።"

እንግዲህ ተጠርታችኋል። ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጎፋ። ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ኑ፤ በአማርኛም ይሆናል፣ እኔ እተረጉመዋለሁ። ከጉንፋኑ በኋላ አንድ ደቂቃ ተኩል ይተርፈናል። መምህሩ ብቅ ሲሉ መቆም ግዴታ የለባችሁም። እኛ ግን እንቆማለን።