የተገለበጠው ኮት

የከሰል ካውያ እርጥብ ሱፍ ላይ ሲያርፍ የሚያወጣው ሽታ ዛሬም ያንን መርከበኛ ያስታውሰኛል። የዓለም ገበያ በቀዘቀዘበት በዚያ ዘመን አዲስ ልብስ የሚያሰፋ ጠፍቶ፣ አባቴ የነተበ ኮት እየፈታ፣ ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጦ ይሰፋ ነበር።

መርከበኛው ኮቱ ተገልብጦ እስኪያልቅለት በሸሚዝ ተቀምጦ ጫማውን በክርኑ ይወለውላል። «አንዱ አገር ቡናውን ገዢ አጥቶ ያቃጥላል፤ ሌላው በቡና አምሮት ያዛጋል፤ ቡናውን የምታመላልሰውን መርከባችንን ወደብ ላይ ዝገት ይበላታል!» እያለ ይስቃል። ያን ቀን ግን አንዲት መርከብ ሰው ልትቀጥር ነበር።

አባቴ ኮቱን ሲሰጠው አንዱን እጅጌ እንዳጠለቀ፣ የደረት ኪሱ ወደ ቀኝ መዞሩን አይቶ ክው አለ።

«ወይ ጉድ! ጋሼ፣ የተገለበጠ መሆኑን ካፒቴኑ ያውቅብኛል!»

«አይዞህ ልጄ፣ የእሱንም ባለፈው ሳምንት የገለበጥኩት እኔው ነኝ።»

ሳቃችን ሳያባራ የመርከቧ ጡሩምባ ጮኸ። ደህና ዋሉም ሳይል፣ ሁለተኛውን እጅጌ እያውለበለበ ወጥቶ ሮጠ።